ሰርተፍኬቱና ቋንቋው፦ ከድሬ ወደ ውጭ ለሚዘጋጅ ሰው

ድሬዳዋ ውስጥ ውጭ ለመሄድ የሚዘጋጅ ሰው የሌለበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ነው። ከዚራ ሂዱ፣ ሳቢያን ሂዱ፣ ገንደ ቆሬ ሂዱ። አንዷ ባሏ ጀርመን ነው፣ ፕሮሰስ ላይ ናት። አንዱ ካናዳ ሊማር ፎርም ይሞላል። ሌላዋን ሪያድ ያለች እህቷ ልትወስዳት ነው። የሁሉም ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ «ቋንቋ የት ልማር?»

ጥያቄው ልክ ነው፣ ተራው ግን ገና ነው። ከእሱ በፊት «የምሄደው በምን ቪዛ ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። የትኛውን ቋንቋ፣ እስከ የትኛው ደረጃ፣ በየትኛው ፈተና የሚለውን የሚወስነው ቪዛው ነው። አንዳንዴ ጭራሽ ፈተናም የለም። ይህን ሳያጣሩ ኮርስ መመዝገብ ምን እንደሚገዙ ሳያውቁ ቀፊራ ገበያ ገብቶ ብር እንደማውጣት ነው። ባለሱቁማ ይሸጣል፤ ምን ቸገረው?

ዲቪን እንውሰድ። ዲቪ የደረሰው ሰው ለቪዛው የቋንቋ ፈተና የለበትም። የሚጠየቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቁን ነው፤ ካልሆነም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ላይ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ። እንግሊዝኛ የሚፈተነው አሜሪካ ገብቶ፣ ዓመታት ቆጥሮ፣ ዜግነት ሲጠይቅ ነው። ስለዚህ «ዲቪ ከደረሰህ አይልትስ (ዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ፈተና) ግድ ነው» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ በጊዜ ተሰናበቱት። እንግሊዝኛውን መማር ግን አይከፋም፤ እዚያ ሥራ የሚፈልገው ደላላው አይደለም።

ጀርመን ሌላ ነው። ከ2007 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ትዳር አጋሩ የሚሄድ ሰው ቀላል ጀርመንኛ መቻሉን በሰርተፍኬት ማሳየት አለበት። ደረጃው ኤ1 ነው፣ ከሁሉም ዝቅተኛው (ደረጃዎቹን ወደ ታች እናያቸዋለን)። ከዚህ ነፃ የሚሆኑም አሉ። ለምሳሌ ጀርመን ያለው አጋር ብሉ ካርድ የሚባለውን የባለሙያ ፈቃድ የያዘ ከሆነ። ወይም በስደተኝነት እውቅና አግኝቶ፣ ጋብቻው ደግሞ ከመሰደዱ በፊት የተፈጸመ ከሆነ። ይህን የማያውቅ ብዙ ነው። ለኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት አጋራችሁ በእጁ ያለው ፈቃድ ምን ዓይነት እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። ሥራና ሥልጠና ሲሆን ደረጃው ከፍ ይላል። አውስቢልዱንግ የሚሉት የሙያ ሥልጠና በአብዛኛው ቢ1 ይፈልጋል። በነርስነት ለመሥራት በአብዛኛው ቢ2 ይጠየቃል። ሐኪም ደግሞ ከአጠቃላይ ቋንቋው ሌላ የሙያ ቋንቋ ፈተና አለበት፤ በሽተኛ ማነጋገር፣ ለባልደረባ ማስረዳት፣ የሕክምና ደብዳቤ መጻፍ።

እንግሊዝ አገር ለትዳር አጋር መነሻው ኤ1 ነው። ለሠራተኛ ቪዛ የሚጠየቀው ደረጃ ግን በጥር 2026 ከቢ1 ወደ ቢ2 ከፍ ብሏል። አንድ ወጥመድ አለ። ለብዙዎቹ የእንግሊዝ ቪዛዎች ተራው አይልትስ አይሠራም፤ ለቪዛ ተብሎ የተለየው፣ «አይልትስ ፎር ዩኬቪአይ» የሚባለው መሆን አለበት። ጥያቄው ያው፣ ነጥብ አሰጣጡ ያው፣ ስሙና ክፍያው የተለየ። የተሳሳተውን ተፈትኖ ጥሩ ውጤት ማምጣት በጣም የሚያናድድ ነገር ነው።

ካናዳ ለመማር የሚፈልግና ካናዳ በባለሙያነት ለመኖር የሚፈልግ ሰው አንድ ፈተና አይፈተኑም። ለትምህርት አካዳሚክ አይልትስ ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቤት ተቀምጠው የሚፈተኑትን የዱኦሊንጎ ፈተናም ይቀበላሉ። ለኑሮ በሚደረገው ማመልከቻ ግን ዱኦሊንጎ አይሠራም፤ ጄነራል አይልትስ ወይም መንግሥቱ የዘረዘራቸው ሌሎች ፈተናዎች ናቸው። አሜሪካ ለመማር ደግሞ ኤምባሲው የቋንቋ ፈተና አይሰጥም፤ ዩኒቨርሲቲው ነው የሚጠይቀው። ግን የቪዛ ቃለ መጠይቁ ራሱ ፈተና ነው። በእንግሊዝኛ ልማር ብሎ የሄደ ሰው በእንግሊዝኛ ለምን እንደሚማር መመለስ ሲያቅተው፣ ወረቀቱ ምንም ያህል ቢያምር አያድነውም።

እነዚህ ኤ1፣ ቢ2 የሚባሉት ከየት መጡ? የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ያወጣው መለኪያ ነው። ስድስት ደረጃ አለው፦ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1፣ ሲ2። መለኪያው ስንት ምዕራፍ ጨረሳችሁ ብሎ አይጠይቅም፤ በቋንቋው ምን ማድረግ ትችላላችሁ ነው የሚለው። ኤ1 ላይ ያለ ሰው ስሙን፣ አድራሻውን፣ ቤተሰቡን ይናገራል፤ ሌላው ሰው ቀስ ብሎ ካወራለት ይገባባል። ቢ1 ላይ ያለ ብቻውን ጉዳዩን ይፈጽማል፤ ቤት ይከራያል፣ ሐኪም ጋ ያመመውን ያስረዳል፣ ያጋጠመውን ይተርካል። ቢ2 ላይ ያለ ይከራከራል፣ ሐሳቡን በምክንያት ያስደግፋል። «ቢ1 ጨርሻለሁ» የሚል ሰው ካገኛችሁ መጽሐፉን ነው የጨረሰው ወይስ ደረጃውን፣ በደንብ ጠይቁት። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ። የድሬ ልጅ ቋንቋ አይፈራም። ቤት አማርኛ፣ ሰፈር ኦሮምኛ፣ ገበያ ሶማልኛ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ከሆነ ሐረሪም ይጨመራል። ማንም ክፍል አስቀምጦ አላስተማረንም። ሰምተን፣ ተሳስተን፣ ተስቆብን፣ ቀጠልን። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ውጭ አገር ኮርስ ላይ አብሯችሁ የሚቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ በሕይወቱ ሁለተኛ ቋንቋ ሲሞክር የመጀመሪያው ነው። ሲሳሳት ፊቱ ይቀላል። እናንተ ግን ጆሮም አላችሁ፣ አፍም አላችሁ፣ ይሉኝታውም የለም።

ችግሩ በዚህ መንገድ የተማርነው ቋንቋ አብዛኛው አፍ ላይ ብቻ ነው። ስንቶቻችን በሶማልኛ ደብዳቤ ጽፈናል? ፈተናው ደግሞ አራት ነገር ይለካል፦ መስማት፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር። ግማሹ ወረቀት ላይ ነው። እንግሊዝኛችን ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሁለተኛ ደረጃ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም። ፓሲቭ ቮይስ በምሽት ከእንቅልፍ ቀስቅሰው ቢጠይቁን እንመልሳለን። ከፈረንጅ ጋር ሁለት ደቂቃ አውራ ሲባል ግን ላብ በላብ።

ስለዚህ የእኔ ምክር አንድ ነው፣ ሌላው ሁሉ የእሱ ዝርዝር ነው፦ የጎደላችሁን ግማሽ ለዩና እሱ ላይ ሰዓት አፍስሱ። አዲስ ቋንቋ በወሬ የሚይዝ ሰው እጁን ያሠልጥን። እንግሊዝኛ በደብተር የተማረ ሰው አፉን ይፍታ። ብዙው ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። የሚቀለውን ይደጋግማል፤ ደስ ይላላ! ግራመር የሚወድ ሌላ የግራመር መጽሐፍ ይገዛል፣ ወሬ የሚወድ በርጫ ላይ ቁጭ ብሎ እንግሊዝኛ ያወራል። በርጫ ላይ ደግሞ ሁሉም ተናጋሪ ነው፤ የሚያርም የለም።

የጀርመንኛውን ኤ1 ከውስጥ እንየው፣ ብዙ ቤተሰብ የሚጨነቅበት እሱ ስለሆነ። አዲስ አበባ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ፈተና የጽሑፉ ክፍል 65 ደቂቃ ያህል ነው፤ ማዳመጥ 20፣ ማንበብ 25፣ መጻፍ 20። ከዚያ በቡድን የሚደረግ የ15 ደቂቃ የቃል ፈተና አለ። ከ100 ነጥብ 60 ያመጣ ያልፋል። መጻፉ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ፎርም ላይ የጎደሉ አምስት መረጃዎችን መሙላትና 30 ቃል ያህል ያላት አጭር መልእክት መጻፍ። ሠላሳ ቃል ብቻ! መልእክቷ ላይ ሦስት ነጥቦች እንድትመልሱ ይሰጣችኋል። ሦስቱንም መንካት ግዴታ ነው። ሁለቱን አሳምሮ ጽፎ ሦስተኛዋን የረሳ ሰው ነጥብ ይጥላል።

የቃሉ ፈተና በማስተዋወቅ ይጀምራል። ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ መኖሪያ፣ የምትናገሯቸው ቋንቋዎች፣ ሙያ፣ የትርፍ ጊዜ። ቋንቋዎች የሚለው ላይ ስትደርሱ አትቆጥቡ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ብላችሁ ስትደረድሩ ፈታኙ ቀና ብሎ ያያችኋል። ቀጥሎ ግን አብዛኛው ሰው የማይለማመደው ነገር ይመጣል፦ ስማችሁን በጀርመን ፊደል አንድ በአንድ መጥራት፣ ስልክ ቁጥር መናገር። ጀርመንኛ ውስጥ ኢ የሚባለው ፊደል የእንግሊዝኛው አይደለም፤ ጀርመኖች «ኤ» የሚሉት እንግሊዝኛ ኢ የሚለውን ፊደል (E) ነው፣ «ኢ» የሚሉት ደግሞ አይ የሚለውን (I)። ቁጥርም ሲነበብ አንዱ ከአሥሩ ይቀድማል፤ ሃያ አንድ ሳይሆን «አንድና ሃያ» ነው የሚሉት። ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው እዚህ ፈገግ ይላል፣ ዓረብኛም እንደዚያው ነውና። ማዳመጡ ላይ ዋጋ የሚባለው፣ የባቡር ሰዓት የሚባለው፣ ስልክ የሚባለው ሁሉ ቁጥር ነው። ቁጥር ያልያዘ ሰው ግማሹ ያልፈዋል።

አማርኛ ተናጋሪን የሚያግዝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጀርመንኛ «ምክንያቱም» «ሲ...» «እንደ...» የመሳሰሉ የበታች ዓረፍተ ነገሮች ላይ ግሡን መጨረሻ ያስቀምጣል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህ ያሳብደዋል። እኛ ግን ግስ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ነው የለመድነው። በተቃራኒው የዕቃ ሁሉ ጾታ፣ ጠረጴዛው ወንድ፣ መብራቷ ሴት፣ ቤቱ ደግሞ ሁለቱንም ያልሆነ፣ ከማንም ጋር አይዛመድም። ይህን ለመተንተን አትሞክሩ። ቃሉን ስትይዙ ጾታውን አብራችሁ ያዙ፣ አለቀ።

ለኤ1 ጎተ ራሱ የቃላት ዝርዝር አውጥቷል፤ 650 ያህል ቃላት ናቸው። ለቢ1 2400 ያህል። ዝርዝሩ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ኮርስ ባትገቡ እንኳ ይህን ወረቀት አውርዳችሁ አትሙ። ዶይቼ ቬለም ከኤ1 እስከ ቢ1 የሚያደርስ «ኒኮስ ቬግ» የሚባል የቪዲዮ ትምህርት በነፃ ያቀርባል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ ጥቂት ክፍሎች እዩ፣ ቤት ገብታችሁ ልምምዱን ሥሩ።

ወደ አይልትስ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ይህ ፈተና «አለፈ፣ ወደቀ» የለውም። ውጤቱ ከ0 እስከ 9 ነው፣ የምትፈልጉትን ነጥብ የሚወስነው የምትሄዱበት ቦታ ነው። ማዳመጥ 30 ደቂቃ ያህል፣ 40 ጥያቄ፣ ድምፁ አንዴ ብቻ ይሰማል። ማንበብ 60 ደቂቃ፣ 40 ጥያቄ። መጻፍ 60 ደቂቃ። መናገር ከፈታኝ ጋር ከ11 እስከ 14 ደቂቃ። የአራቱ አማካይ ወደ ቅርቡ ግማሽ ይጠጋጋል። ለምሳሌ 6.5፣ 6.5፣ 5 እና 7 ያመጣ ሰው አማካዩ 6.25 ነው፤ 6.5 ተብሎ ይጻፍለታል። ደስ ይላል፣ ግን ቆይ። ብዙ ተቋማት አማካዩን ብቻ አያዩም፤ «ማንኛውም ክፍል ከ6 በታች እንዳይሆን» ይላሉ። ያቺ 5 ብቻዋን ሁሉንም ታበላሻለች። ካናዳ በባለሙያነት ለመግባት በሚታወቀው ፕሮግራም ለምሳሌ በጄነራል አይልትስ አራቱም ክፍል ላይ ቢያንስ 6 ያስፈልጋል።

እዚህ አገር ያቺን ዝቅተኛ ነጥብ ስታዩ ብዙ ጊዜ መጻፍ ላይ ነው የምትገኘው። ለምን? ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የተፈተንነው በምርጫ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሙሉ ድርሰት ጽፎ፣ መምህር መስመር በመስመር አርሞ የመለሰለት ተማሪ ዕድለኛ ነው። አይልትስ ግን ሁለት ጽሑፍ ይፈልጋል፤ አንዱ ቢያንስ 150 ቃል፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ይመዝናል። ሰዓት ያለቀበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጎድለው ሁለተኛውን ነው፤ ስለዚህ ከሁለተኛው ቢጀመር ይሻላል። ማንም አይከለክልም።

ሌላው ችግር ሽምደዳ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩ «የ9 ነጥብ» ድርሰቶች አሉ። ፈታኞቹ የተሸመደደ መልስ እንዲለዩ የሠለጠኑ ናቸው፤ ከጥያቄው ጋር ያልተያያዘ ያማረ አንቀጽ ነጥብ አያመጣም፣ ያስቀንሳል እንጂ። የሚመዘነው ጥያቄውን መመለሳችሁ፣ ሐሳቡ ተያይዞ መፍሰሱ፣ የቃላት ስፋትና የሰዋስው ልክነት ነው። ትልልቅ ቃል መደርደር ማንንም አላሳለፈም። የንግግር ዘዬም እንደዚሁ፦ እንደ አሜሪካዊ ለማውራት መሞከር አያስፈልግም። የሚሰማና የሚገባ ከሆነ የድሬ እንግሊዝኛ ነጥብ አያስጥልም። የሚያስጥለው ቃሉ ሳይለይ ሲቀር ነው፤ አጭርና ረጅም አናባቢ ሲምታታ፣ ወይም ሦስት ተነባቢ ሲደራረብ ከፊቱ እኛ «እ» ስንሰካ። «ስትሬይት» ለማለት «እስትሬይት» የምንለው እሱ ነው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? የእንግሊዝኛ ፈተና የሚያዘጋጀው ካምብሪጅ ግምት አለው፦ ከዜሮ ተነስቶ በመምህር እየታገዙ ኤ2 ለመድረስ ከ180 እስከ 200 ሰዓት፣ ቢ1 ከ350 እስከ 400፣ ቢ2 ከ500 እስከ 600። አሁን ሂሳቡን ሥሩ። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ማለት በሳምንት አሥር ሰዓት ነው። ቢ1 ለመድረስ 35 ወይም 40 ሳምንት። ዘጠኝ ወር ያህል፣ ሳይቋረጥ። «በሦስት ወር ቢ2» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሆን አካፍላችሁ አስቡት። ቁጥሩ እዚያው ይነግራችኋል።

ሰዓቱ መቼ ይገኛል የሚለው ላይ የድሬ ሙቀት የራሱ ሐሳብ አለው። ከቀትር በኋላ ከተማው ይተኛል፣ ጭንቅላትም አብሮ ይተኛል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ አንድ ሰዓት ማጥናት ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ከመፍዘዝ ይበልጣል። ማታ ላይ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ሁለተኛው ሰዓት።

ቃል ለመያዝ ካርድ የሚያህል መሣሪያ አላየሁም። ጀርመናዊው ጋዜጠኛ ሰባስቲያን ላይትነር በ1972 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። የጫማ ካርቶን ውሰዱ፣ አምስት ቦታ ክፈሉት። ወረቀት ቆራርጡ፤ በአንድ ፊት ቃሉ፣ በሌላው ትርጉሙ። አዲስ ቃል ሁሉ የመጀመሪያው ክፍል ይገባል፣ በየቀኑ ይታያል። ያወቃችሁት ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፣ እሱ ደግሞ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይታያል። እያወቃችሁት በሄደ ቁጥር እየራቀ ይሄዳል። የረሳችሁት ካርድ ግን የትም ይድረስ፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስልክ ላይ ይህንኑ የሚሠራ «አንኪ» የሚባል መተግበሪያ አለ። የካርቶኑ ጥቅሙ ግን በእጅ መጻፉ ነው፤ የጎደለን ግማሽ እጅ ነው ብለናል አይደል? ደግሞም መብራት ሲጠፋ ይሠራል።

ለመጻፍ ደግሞ አራሚ ፈልጉ። ይህ ገንዘብ ቢያስወጣም ያዋጣል። ግራመር በነፃ ይገኛል፣ ቪዲዮ በነፃ ይገኛል፣ የጻፋችሁትን አንብቦ «ይህ አልገባኝም» የሚል ሰው ግን በነፃ አይገኝም። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ለኮርስ ሳይሆን ለአራሚ አውሉት። በሳምንት ሁለት ድርሰት፣ ከነእርማቱ። ያረመላችሁን በሌላ ወረቀት እንደገና ጻፉት፤ ቀይ እስክሪብቶ አይቶ ማጠፍ ትምህርት አይደለም።

ዓረብኛ የራሱ ታሪክ አለው፤ ከድሬና ከሐረር ወደ ገልፍ የሚሄድ ብዙ ነውና። ቁርኣን ቤት የተማረ ሰው ፊደሉን ያነባል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሌላው ከባዶ የሚጀምረው እዚያ ነው። ግን የመጽሐፉ ዓረብኛና የቤቱ ዓረብኛ ተራርቀዋል። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ለማለት መጽሐፉ «ማዛ ቱሪዲን» ይላል። ሪያድ ቤት ውስጥ የምትሰሙት «ዌሽ ተቢን» ነው። ቤሩት ደግሞ «ሹ ባድዲክ»። ስለዚህ የምትሄዱበትን አገር የቤት ንግግር ከዚያ ከተመለሰ ሰው ተማሩ። ድሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት አይጠፋም፤ ከየትኛውም ኮርስ ይሻላል። መጀመሪያ የሚያዘው ቃልም የምግብ ዝርዝር አይደለም። «አመመኝ»፣ «ደመወዜ አልተከፈለኝም»፣ «ፓስፖርቴን ስጡኝ»፣ «ኤምባሲዬ መደወል እፈልጋለሁ» የሚሉት ናቸው። የቀረው ወጥ ቤት ውስጥ ይለመዳል።

ፈረንሳይኛስ? ድሬ በፈረንሳዮች ባቡር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1902 ነው። ጅቡቲ ዛሬም ፈረንሳይኛና ዓረብኛ የሥራ ቋንቋዎቿ ናቸው፣ ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስ ፍራንሴዝም ከተማችን ውስጥ አለ። ካናዳ ለሚያስብ ሰው ፈረንሳይኛ ተጨማሪ ነጥብ ያስገኛል። ዴልፍ የሚባለው ፈተና ከ100 ሃምሳ ይፈልጋል፣ ከአራቱ ክፍሎች በየትኛውም ከ25 አምስት በታች እንዳይሆን። አንዴ ካገኛችሁት አያረጅም። ለካናዳ ማመልከቻ ግን የሚፈለገው ቴፍ ወይም ቴሴኤፍ የሚባል ሌላ የፈረንሳይኛ ፈተና ነው፣ እነሱ ደግሞ ሁለት ዓመት ብቻ ያገለግላሉ።

የማርጀት ነገር ከተነሳ፦ አይልትስም ሁለት ዓመት ነው፤ ዱኦሊንጎም እንደዚሁ። ቀድሞ መፈተን ሁልጊዜ ብልህነት አይደለም። የጎተ ሰርተፍኬት ላይ የማብቂያ ቀን የለም፣ ኤምባሲ ግን ያረጀ ሰርተፍኬት ይዛችሁ ስትቀርቡ አዲስ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ስለሆነ የጉዞውን ነገር አስቡበት። ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ አድሮ ጠዋት ማዳመጥ ፈተና መግባት ራስን መቅጣት ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት ድረሱ። ከሁሉ በላይ ግን ስማችሁን ተጠንቀቁ። ለፈተና ስትመዘገቡ የምትጽፉት ስም ፓስፖርት ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። የእኛ ስም በላቲን ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው እጅ ይለያያል፤ መሐመድን በስንት ዓይነት እንደሚጽፉት አስቡት። ፓስፖርት ሳይኖር በትምህርት ማስረጃ ስም ተመዝግቦ በኋላ ፓስፖርቱ በሌላ ፊደል ሲወጣ ጣጣው ብዙ ነው። ፓስፖርት ይቅደም፣ ምዝገባ ይከተል። የፈተና ቀንም ዋናውን ይዛችሁ ነው የምትገቡት፣ ኮፒ አይሠራም።

«ሰርተፍኬቱን እኔ አወጣልሃለሁ» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ውጤቱን ተቀባዩ አካል በቀጥታ ከፈታኙ ተቋም ያጣራል። ካናዳ በሐሰት ማስረጃ የተያዘን አመልካች ለ5 ዓመት ታግዳለች። እንግሊዝ ደግሞ እስከ 10 ዓመት። ይህ ከከፈላችሁት ብር ሌላ ነው።

አንድ የቀረ ነገር። ሁሉንም ከዚህ ጨርሶ መሄድ ያስፈልጋል ወይ? እንደ አገሩ ነው። ጀርመን ከደረሱ በኋላ የሚሰጠው የውህደት ኮርስ 600 ሰዓት ቋንቋና 100 ሰዓት ስለ አገሩ የሚያስተምር ነው፣ ዓላማውም ቢ1 ማድረስ። ካናዳም ለቋሚ ነዋሪ በነፃ ታስተምራለች። ስለዚህ ለትዳር አጋር የምትሄዱ ኤ1 ከያዛችሁ፣ «ቢ1ን ልጨርስና ልሂድ» ብላችሁ ቪዛውን አታዘግዩ፤ ሰው መሃል ሆናችሁ የምትማሩት ይፈጥናል። አውስቢልዱንግ ወይም ነርስነት የምታስቡ ግን ለቪዛችሁ የሚጠየቀውን ደረጃ እዚህ መጨረስ አለባችሁ፣ ያለ እሱ ቪዛው አይሰጥም። ገልፍ የምትሄዱ ደግሞ እዚያ ኮርስ የሚያስገባችሁ አሠሪ እንዳትጠብቁ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ያለው ጥቂት ወር ሙሉ ትምህርት ቤታችሁ እሱ ነው።